ክርክር፦ ጫፉ የተጠቀለለ ሪዝ ለወሎ ሙሽራ ይሆናል?

በጥር ሰርግ ደሴ ላይ አንድ ሙሽራ ሪዙን በሰም አሹሎ፣ ጫፉን ወደ ጉንጩ ጠቅልሎ፣ ሚዜዎቹንም እንደዚያው አሰማምሮ ብቅ አለ። የሙሽሪት አጎት «ይሄ ነገር ሳይላጭ በሬን አያልፍም!» ብለው ተቆጡ። ሽማግሌ ገብቶ ሰርጉ አለፈ፤ ወሬው ግን እስከ ሐይቅ ደረሰ። ከዚህ በታች የሚከራከሩት ሙሽራውን ያሰማመረው የፒያሳ ፀጉር አስተካካይና ሐይቅ ላይ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

መምህሩ፦

እኔ የሪዝ ጠላት አይደለሁም። ወንድ ልጅ ሪዝ ቢያበቅል ደስ ይለኛል። የምቃወመው ጫፉን ነው። ያ ጫፍ የወጣው ከጦር ሰፈር ነው፤ ያውም በትእዛዝ። የእንግሊዝ ጦር ደንብ ወታደሩ አገጩንና የታችኛውን ከንፈሩን እንዲላጭ፣ የላይኛውን ግን ምላጭ እንዳያስነካው ያዝዝ ነበር። ይህ የተሻረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1916 ነው፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት በተማረኩበት በዚያው ወር። መሻሪያውን የፈረሙት ጄኔራል ማክሪዲ ራሳቸው ሪዛቸውን አይወዱትም ነበር። የፈረንሳይ ጄንዳርም፣ ማለትም ወታደራዊ ፖሊስ፣ ደግሞ እስከ 1933 ድረስ ያለ ሪዝ መታየት አይችልም ነበር።

ጀርመን ባሰበት። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቪልሄልም ጫፉን ሽቅብ እንደ ጦር አቆሙት። የቤተ መንግሥቱ ፀጉር አስተካካይ ፍራንስዋ ሃቢ አጋጣሚውን አላባከነም፤ የሪዝ ቅባቱን «ተሳካ!» ብሎ ሰይሞ ቸበቸበው። ስንቱ ጀርመናዊ ሪዙ ቅርጽ እንዲይዝለት በጨርቅ ማሰሪያ ጉንጩን ጠፍሮ ያድር ነበር። እስቲ አስበው፣ ሰው በገዛ እጁ አፉን አስሮ ሲተኛ!

የንጉሥ ሚካኤልን ፎቶ አይተሃል? ጺማቸው ሙሉ ነው፤ ሪዛቸውም ከጺማቸው ጋር አብሮ ወርዷል። ግርማቸው ሰም አላስፈለገውም። የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ልጄ።

አስተካካዩ፦

ጋሼ፣ እንግሊዞቹስ ከየት አመጡት? ሕንድ ሲገቡ ከንፈራቸው የተላጨ ነበር። ሪዝ የወንድነት ምልክት በሆነበት አገር የተላጨ መኮንን መሳቂያ ሆነ። እዚያው ሕንድ የነበረው የእንግሊዞቹ የቦምቤይ ጦር በፈረንጆቹ 1854 ሪዝን ግዴታ ያደረገው ይህን ሁሉ አይቶ ነው። ስለዚህ ወርቁ መጀመሪያም የእነሱ አልነበረም፤ የምሥራቅ ነው። ምሥራቅ ደግሞ ለእኛ ከለንደን ይቀርባል።

ከወታደር የመጣ ሁሉ ይቅር ከተባለ ክራቫትስ? እሱም የክሮኤሽያ ወታደሮች አንገት ላይ ታይቶ ነው ፓሪስ ላይ ፋሽን የሆነው። እርስዎ ሲያስተምሩ ክራቫትዎን አስረው እንደነበር ተማሪዎችዎ ነግረውኛል።

ትእዛዝ ብቻ አድርገው ማቅረብዎም አልተዋጠልኝም። በፈረንጆቹ 1907 የፓሪስ ካፌ አስተናጋጆች ሥራ አቁመው ወጥተው ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ሪዝ የማሳደግ መብት ነበር፤ አሠሪ «አሽከር ሪዝ አያበቅልም» ይል ነበርና። አገኙትም። ለወታደሩ ግዴታ የነበረው ለአስተናጋጁ ነፃነት ሆነ። በ1947 ለንደን ላይ ጫፋቸው በእጅ የሚጨበጥ ሪዝ ያላቸው ሰዎች ማኅበር ሲያቋቁሙስ ማን አዘዛቸው? ጺም ያለው አይገባም ብለው ደንብ እስከማውጣት ደርሰዋል። የተቋቋመውም በአንድ ኮሜዲያን የመልበሻ ክፍል ነበር፣ በጄኔራል ቢሮ አይደለም።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገርዎት፤ ሰው እንደ ቀልድ ያየዋልና። ሙሽራው የመጣው አራት ወር ያህል መቀስ ሳያስነካ አሳድጎ ነው። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ አምጥቼ በውኃ አፈላሁት፤ አጥልዬ ሳቀዘቅዘው ሰሙ ከላይ ረጋ። እሱን ከትንሽ ቫዝሊን ጋር አቅልጬ በቆርቆሮ አኖርኩ። በሰርጉ ጠዋት በአውራ ጣቴ ጥፍር ፋቅ አድርጌ፣ ለስልሶ ጣቴ ላይ እስኪያብረቀርቅ በሁለት ጣት አሸሁት። ከአፍንጫው ሥር ካለችው ስርጉድ ጀምሬ ሪዙን ለሁለት ከፈልኩ፤ በቀጭን ማበጠሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ጫፉን እርሳስ ላይ ጠቀለልኩና ሲቀዘቅዝ እርሳሱን ሳብ። የግራው ጠጉር ጠንካራ ስለነበር ሁለቴ ፈርሶብኛል። ይህን «ይሄ ነገር» ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

መምህሩ፦

እጅህ የተባረከ ነው፤ በዚያ አልከራከርህም። ግን እኔ በልጅነቴ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ነበርኩ። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ኢማም ቡኻሪም ኢማም ሙስሊምም የዘገቡት ሐዲስ ሪዝን አሳጥሩ፣ ጺምን ልቀቁ ይላል። የአንተ ሙሽራ ገልብጦት መጣ፤ ጺሙን ሙልጭ፣ ሪዙን ሽቅብ! አጎትየው የተቆጡት ለዚህ ይሆናል።

ደግሞ በእሱ እንዴት ቡና ይጠጣል? እንግሊዞች በቪክቶሪያ ዘመን ሪዝ የሚያርፍባት መደብ ከውስጥ የተሠራላት ሲኒ ለመፈልሰፍ ተገደዋል። ሰሙ በእንፋሎት እየላላ ሻያቸው ውስጥ ቢንጠባጠብባቸው ነው። የእኛ ረከቦት ላይ እንዲህ ያለ ሲኒ የለም። አቦልን እንደምንም ቢወጣው በረካ ላይ ምን ሊሆን ነው?

አስተካካዩ፦

ከወንበሬ ላይ ደረሳም ዲያቆንም ይቀመጣል፤ እኔም ስሰማ ነው የምውለው። ኢማሙ ማሊክ ሪዝ የከንፈር ጠርዝ እስኪታይ ይነሳ እንጂ ሙልጭ ተደርጎ አይላጭ ይላሉ። የእኔን ሙሽራ ከንፈር ያዩ ይመስክሩ፤ ጠጉሩ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ጎን ስለሄደ ጠርዙ ወለል ብሎ ይታያል። ከንፈር የሚሸፍነው ዝም ብሎ የተለቀቀው ነው። ኸሊፋው ዑመርም ሲቆጡ ሪዛቸውን ይጠመዝዙ ነበር ተብሎ ተዘግቧል። የሚጠመዘዝ ነገር ከሌለ ምን ይጠመዘዛል?

ስለ ምግቡ ደግሞ፦ ወጥ የሚነካው ቁልቁል የወረደው ሪዝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ከፎቶው ያሞገሱት ዓይነት ማለቴ ነው። ሽቅብ የወጣው ለጉርሻ መንገድ ይለቃል። ሙሽሪት ስታጎርሰው በቦታው የነበረ ሰው ሁሉ አይቷል።

መምህሩ፦

ዑመር የሚጠመዝዙት ሲቆጡ ነው እንጂ ሊታዩ አይደለም። ልጁ በሰርጉ ቀን ማንን ተቆጥቶ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሙሽራ ሙሽሪትን ይዞ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ወርዷል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ያዩት እንደነገሩኝ የቀኙ ጫፍ ቆሞ የግራው ተኝቶ ነበር። ፎቶውም እንደዚያው ወጥቷል። የልጅ ልጁ አልበሙን ሲገልጥ ምን ይለዋል?

አስተካካዩ፦

የንብ ሰም ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሳያልፍ አይቀልጥም፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ምድጃ አይደለችም። የግራውን ያላላው ቫዝሊኑ ነው። ለሚቀጥለው የኮምቦልቻ ሰርግ ቫዝሊኑን እቀንሳለሁ፤ ባቲ የሚወርድ ሙሽራ ከመጣ ጨርሶ አልጨምርም።