እርማት፦ የመኪና ጂፒኤስ ሲም ካርድ አይፈልግም

ወገን፣ መኪና ውስጥ ስለሚገጠመው፣ ካርታ ስለሚያሳየው ስክሪን ሲወራ "ሲም የማይወስድ አትግዙ፣ ሐረጎ ላይ (ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ያለው ቁልቁለት) ኔትወርክ ሲጠፋ ጂፒኤሱም ይጠፋል" የሚል ምክር ደጋግሜ አየሁ። ከቅንነት ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ጂፒኤስ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ነው፤ የ4ቱ ሲግናል ከደረሰው ይበቃዋል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታ ለማውረድና መጨናነቅ ለማየት ነው። ስለዚህ ካርታውን ደሴ እያላችሁ በዋይፋይ አውርዱ። ካላመናችሁኝ በስልካችሁ ሞክሩት፦ ካርታውን አውርዱ፣ ዳታ አጥፉ፣ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ (ሹፌሩ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ይይ!)፣ ካርታው ላይ ያላችሁበትን የምታሳየው ነጥብ አብራችሁ ትወርዳለች። ችግሩ፣ ሰው ለሲሙ ብሎ ተጨማሪ ብር ያወጣና ዋናውን ነገር፣ የሳተላይቱን ሲግናል የሚቀበለውን የጂፒኤስ አንቴና፣ ይረሳዋል። እሱ ከብረት ስር ከተቀበረ ሲም ቢኖርም አያድናችሁም፤ ሰማይ በሚያይበት፣ የፊት መስታወቱ ስር ይለጠፍላችሁ።