ይድረስ ከወንበራቸው ለማይነሱት፣ ራሳቸው ለተላጠው ክቡር ብሎን

ጉዳዩ፦ ቦታ እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው። ጓርኒሲዮኑ ደርቆ ዘይት ሲያነባ፣ ካቴናው ላልቶ ሲንኳኳ፣ ሞተሩ ከመሥሪያ ቤት ግቢ በጨረታ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ እርስዎ ፋብሪካ ከመደበዎ ጉድጓድ ንቅንቅ እንዳላሉ እናውቃለን። ባለቤት መጣ ሄደ፤ መዶሻ መጣ ሄደ፤ እርስዎ አሉ። ወንበር አልለቅም ማለት በአገራችን አዲስ ሙያ ባይሆንም፣ ፊቱ ተልጦ መያዣ እንኳ ሳይቀርለት ሥልጣኑን ያጸና ግን ከእርስዎ ሌላ አላየንም።

ይህን የምንጽፈው ያገለገለ ባለ ሁለት ዓላማ ሞተር፣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እንዲችል የተሠራውን፣ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ወይም እንደ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ያለውን ገዝተው «ራሴ እጠግነዋለሁ፣ ራሴ አሳምረዋለሁ» ያሉ ጀማሪዎችን ወክለን ነው። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስበው ስለ ኤል ኢ ዲ መብራት፣ ስለ እጅ መከላከያና ስለ ጥርሰ ትልልቅ ጎማ ነው። እርስዎን አያስብም። እርስዎ ግን እየጠበቁት ነው።

መኖሪያዎችዎ ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚወዱት የፊት ፍሬን ዘይት ዕቃ ክዳን ላይ ያለውን ይመስለናል፤ እዚያ በኤም 4 ማዕረግ (ውፍረትዎ 4 ሚሊሜትር ማለት ነው)፣ ሁለት ሆነው፣ ራስዎን ከክዳኑ ጋር አስተካክለው ተኝተዋል። ቁልፍ የሚይዝበት ጎን የለዎትም፣ ፒንሳ የሚነክሰው ጠርዝም የለዎትም። በፍሪሲዮን (ክላች) ክዳን ዙሪያ ደግሞ በኤም 6 ማዕረግ ከነዘመድ አዝማድዎ ተሰልፈዋል። በካርቡራተሩ ሳህን ግርጌም አሉ። በጭስ ማውጫው አንገት ላይ ስላለው መኖሪያዎ ብዙ አንልም፤ እዚያ ሙቀትና ዝገት ስላቀጠኑዎ ሲነኩ ይሰበራሉ፣ ከተሰበሩ ደግሞ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ማርሚታው ካላፈሰ በስተቀር ለጌጥ ብሎ እዚያ እጁን የሚሰድ ጀማሪ የሚደርስበትን ሁሉ ይገባዋል። አዛውንቱ ዘመድዎ፣ የኋላውን ጎማ የሚሸከመው ክንድ የሚዞርበት ረጅሙ ብሎን፣ ግሪስ ሳያይ ስንት ክረምት እንዳለፈው የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ራስዎን ማን ላጠው? እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መስቀለኛ ካቻቢቴ ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው የላጠዎ። የጃፓን ሞተሮች መስቀል ጄ አይ ኤስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ የተቆረጠ ነው። ከየሱቁ የሚገዛው ተራው ፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፉ ከዚህ ጉድጓድ ወለል አይደርስም፤ ጠንከር ሲያደርጉበት ወደ ላይ ይንሸራተትና የመስቀሉን ጠርዝ ፍቆት ይወጣል። በብዙዎቻችሁ ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ የጃፓን ደረጃ ምልክት ናት፤ ሆኖም ማን ልብ ብሎ ያያታል? የጃፓን ጫፍ ያለው ካቻቢቴ ለሁለቱም ይሠራል፤ ፊሊፕሱ ግን ለጃፓኑ አይሠራም። ቁጥሩም አለ። ከኤም 3 እስከ ኤም 5 ቁጥር 2፣ ለኤም 6 ቁጥር 3 ነው። ጀማሪው በእጁ ያለችውን አንዲት ቁጥር 2 ይዞ ሁሉንም ያዳርሳል፤ በፍሪሲዮን ክዳኑ ዙሪያ ስምንት ክብ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ስድስት ጎን ራስ ያላቸው ወንድሞችዎም ዕጣቸው ይኸው ነው። ሰፋ ጠበብ የሚለው መፍቻ ወይም ባለ 12 ጎን ቡሶላ (የብሎኑን ራስ እንደ ቆብ የሚሸፍነው መፍቻ) ማዕዘናቸውን ይበላዋል፤ ባለ 6 ጎኑ ቡሶላ ግን ጎናቸውን ስለሚይዝ ሳይልጥ ያዞራል።

ስለ ጽናትዎ ምስጢርም ጥቂት እንበል፣ ሰው በትዕቢት ብቻ የተጣበቁ እንዳይመስለው። እርስዎ ብረት ነዎት፤ የተቀመጡበት ጉድጓድ አሉሚኒየም ነው። ጭቃና የማጠቢያ ውሃ በመካከላችሁ ሲገባ ሁለቱ ብረቶች ከውሃው ጋር ሆነው ባትሪ ይሠራሉ፤ በዚያ ባትሪ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በጥርስዎ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት ትርፉ ነው፤ ዱቄቱ ከበቀለበት ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ እንደ ሽብልቅ ይጨምቅዎታል። ሞተሩን ከፍተኛ ግፊት ባለው ውሃ በየቀኑ የሚያጥቡት ወገኖች ይህን ሲሰሙ ቅር ሊላቸው ይችላል።

እንግዲህ የማስነሻ ሥርዓቱን አስቀድመን እናሳውቅዎ፤ በድንገት መጡብኝ እንዳይሉ።

በዋዜማው ማታ ራስዎ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ የመስቀሉ ውስጥ ቆሻሻ በወስፌ ተቆፍሮ ይወጣል። ቆሻሻ ያለበት መስቀል ላይ ትክክለኛውም ካቻቢቴ እስከ ወለል አይገባምና ይህ እርምጃ አይዘለልም። ከዚያ ሰርጎ ገብ ዘይት ይፈስብዎታል። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ደብሊው ዲ 40 እርጥበት ለማባረር የተፈጠረ ነው፤ ለእርስዎ ሽቶ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሻላል፤ አሴቶን ፕላስቲክና ቀለም ስለሚበላ በብርጭቆ ወይም በጣሳ ይቀላቀላል፣ በጠብታ ይደረጋል፣ ከጎማ ነክ ነገር ይርቃል። እሱም ከጠፋ ነጭ ጋዝ አለ፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሠራል። ጠብታው ጠዋት ይደገማል።

ቀጥሎ መዶሻ ይመጣል፣ ለመስበር ሳይሆን ለማንቃት። የመዳብ ወይም የነሐስ ቁራጭ ራስዎ ላይ ተደርጎ ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ ይደረጋል፤ ንዝረቱ ነጩን ዱቄት ይሰነጥቀዋል። የፍሬን ዕቃው ላይ ከሆኑ ምቱ ይቀንሳል፤ ዕቃው መሪው ላይ የተንጠለጠለ ስስ አሉሚኒየም ነውና።

አሁንም እንቢ ካሉ ሙቀት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ስለዚህ የሚሞቀው እርስዎ ሳይሆኑ ዙሪያዎ ነው። የሞቀ አየር የሚነፋው መሣሪያ ይበቃል፤ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ቺስ ብሎ እስኪጠፋ ድረስ። የቤንዚን ሰርባቶዮ መውረድና ከአካባቢው መራቅ አለበት፤ ካርቡራተሩም ቤንዚኑ ተደፍቶ መድረቅ አለበት፤ የትናንቱ አሴቶን ተንኖ ካላለቀ ደግሞ ሙቀት የሚባል ነገር አይታሰብም። ይህን የናቀ ሰው ብሎን አይፈታም፤ ሞተር ያነዳል።

በመጨረሻ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረው ካቻቢቴ፣ ኢምፓክት ድራይቨር የሚሉት፣ ይቀርባል። ወደ ግራ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ጀማሪ ወደ ቀኝ አድርጎ እየመታ እርስዎን ሲያጠብቅዎ ይውላልና። ጫፉ መስቀሉ ውስጥ ይገባል፣ እጀታው በእጅ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ይያዛል፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ምት። አሥር የፈሩ ምቶች ራስዎን ይልጣሉ እንጂ አያዞሩዎትም። መስቀሉ በከፊል ተልጦ ከሆነ የባልቦላ መፋቂያ ፓስታ ጫፉ ላይ ጥቂት ይቀባል፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ይነክስዎታል። የዚህ መሣሪያ ዋጋ ከአንድ ጥንድ ጌጠኛ መብራት አይበልጥም፤ እንዲያውም ጀማሪው ቀድሞ ሊገዛው የሚገባው «ማሻሻያ» እሱ ነው።

ራስዎ ጨርሶ ክብ ከሆነስ? ሁለት መንገድ አለ። በላይዎ ዳዶ ተጭኖ ይበየዳል፤ ብየዳው መያዣም ሙቀትም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ባትሪው ከተነቀለ። ካልሆነ ራስዎ ይቆረጣል። ለኤም 6 መካከሉ በነጥብ መቺ ይመታና ትራፓኖ በ3 ሚሊሜትር ይጀምራል፣ በ6 ይጨርሳል፤ ራስዎ ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ክዳኑ ሲነሳ የሚጨምቅዎ ነገር ስለሌለ ቀሪው ጉቶ ብዙ ጊዜ በፒንሳ ይዞራል። ያ ሁሉ ኩራት የራስዎ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ለጀማሪው አደራ እንላለን፦ «የተሰበረ ብሎን ማውጫ» ተብሎ የሚሸጠውን ባለ ግራ ጥርስ ሹል ብረት ለትናንሽ ብሎኖች አይጠቀም። ለኤም 6 የሚሆነው ቀጭን ነው፣ ጠንካራና ተሰባሪ ነው፤ ውስጥዎ ሲሰበር ትራፓኖ አይበሳውም። ወደ ግራ የሚቆርጥ የትራፓኖ ጫፍ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ እየበሳ ሳለ ራሱ ይዞዎት ይወጣል። የጉድጓዱ ጥርስ አብሮዎት ከወጣ በ6.3 ሚሊሜትር ይበሳል፣ በራሱ ጥርስ ማውጫ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከሽቦ የተጠመዘዘ አዲስ ጥርስ ይገባበታል፤ ከጉድጓዱ አፍ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ዝቅ ማለት አለበት።

እግረ መንገዳችንን የአጎትዎን ልጆች እናንሳ። ሱዙኪ ዲአር 650 ውስጥ፣ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ፣ ሞተሩ ፎሌ ላይ መሆኑን የሚያሳውቀውን ማብሪያ የያዙ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሉ። እነሱ ማንም ውጡ ሳይላቸው ላልተው ይወጣሉ፣ ወደ ማርሾቹም ሊወድቁ ይችላሉ። ዲአር የገዛ ሰው ጥርሳቸውን ከዘይት አጽድቶ በሎክታይት፣ ብሎን እንዳይላላ በሚያደርገው ሙጫ፣ ያጣብቃቸዋል፣ ወይም ራሳቸውን አስበስቶ በሽቦ ያስራቸዋል። እርስዎ ውጡ ሲባሉ እንቢ፣ እነሱ ተቀመጡ ሲባሉ እንቢ። ቤተሰቡ ምን ነክቶታል?

ተተኪዎ ተመርጧል፤ የአለን ራስ (ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ) ያለው አዲስ ብሎን ነው። የክዳኑ ቅርጽ ካርቶን ላይ ተስሎ የወጣው ሁሉ በየቦታው ይሰካል፤ ርዝመታችሁ እኩል አይደለምና። ረጅሙ በአጭሩ ጉድጓድ ሲገባ ወለሉን ገፍቶ ካርተሩን (የሞተሩን ገላ) ይሰነጥቃል፤ አጭሩ በረጅሙ ሲገባ ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ እነሱን ነቅሎ ይወጣል። በአሉሚኒየም ውስጥ ኤም 6 ቢያንስ 9 ሚሊሜትር ጥርስ መያዝ አለበት። የማይዝገው ብረት ያምራል፤ ነገር ግን ከአሉሚኒየም ጋር ያለውን ጠብ ያባብሳል እንጂ አያበርድም፤ ስለዚህ ጥርሱ ላይ የመዳብ ግሪስ ስስ አድርጎ መቀባት ግዴታ ነው። ግሪስ ባለበት ሎክታይት የለም፤ ሁለቱ አይጋቡም። ኤም 6 በደረቁ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይጠብቃል፣ በግሪስ 8 ይበቃዋል። ለፍሬን ዕቃው ኤም 4 ከ1.5 አይበልጥም፤ በሁለት ጣት ማለት ነው። የጉማሬ ክንድ ያላቸው ጀማሪዎች ቶርክ መለኪያ መፍቻ ይዋሱ። የፍሬን መያዣና የጎማ አክስል ብሎን ደግሞ በማይዝግ ጌጥ አይተካም፤ እዚያ የፋብሪካው ጥንካሬ ያስፈልጋል።

የፍሬን ዕቃው ላይ ያሉት ክቡርነትዎ በትራፓኖ የሚነሱ ከሆነ ብናኝዎ ዘይቱ ውስጥ ስለሚወድቅ ዘይቱ በሙሉ ይቀየራል፤ ሰርባቶዮውም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና። መላጥ በእርስዎ ይብቃ።

ነጩ ጋዝ ዛሬ ማታ ፈሶብዎታል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተገናኝተን እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀድሞው ባለቤት፣ ቁጥር 2 ካቻቢቴውን እንዲያስረክብ
ለዘይት ማፍሰሻው ብሎን፣ ያለ አዲስ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ እንዳይመለስ
ለካንዴላው፣ ቴስታታው ሳይቀዘቅዝ እንዳይነካ፤ አዲስ ከሆነ በእጅ እስኪቀመጥ ከዞረ በኋላ ግማሽ ዙር ብቻ
ለኋላው ክንድ ረጅም ብሎን፣ ለመረጃ ያህል፤ ተራው እየደረሰ ነው