በእጃቸው በልተን ከዓይናቸው የምንሸሽ

ከወራት በፊት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ስላልወጣልኝ እጽፈዋለሁ። እዚሁ ቀጨኔ አካባቢ አራስ ልንጠይቅ ተሰብስበን ሳለ፣ ሸክላ ሠርተው የሚተዳደሩ ጎረቤታችን አዲስ የገንፎ ድስት ይዘው ገቡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገና ሳይቀመጡ፣ የአራሷ እናት ሕፃኑን ከእቅፏ ወስደው ፊቱን በነጠላ ሸፈኑና ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። ምክንያቱን የተናገረ የለም፤ ሁላችንም ግን ገብቶናል። እኒህ ሴት «ቡዳ» ይባላሉ። እኔም ዝም አልሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኸው ዝምታዬ ነው።

በዚያች ቤት ቡና የተፈላበት ጀበና የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ምጣዱንም ቢሆን የሠሩት እሳቸው ናቸው። በሠሩት ዕቃ ስንበላና ስንጠጣ ያልፈራነው ሰው፣ ልጃችንን ቀና ብለው ሲያዩ የሚያስፈሩን በምን ሒሳብ ነው?

እኔ የማውቃቸው ሴት ጀበና ከመሸጣቸው በፊት በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን የሚያዳምጡ፣ ድምፁ ከደፈነባቸው «ይህቺ አትሆንሽም፣ እሳት ላይ ትሰነጠቃለች» ብለው ለራሳቸው የሚያስቀሩ ናቸው። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ከዘመድ ቀድመው መጥተው ሦስት ሌሊት አብረውኝ ያደሩት እሳቸው ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው የሚሸሸው ዓይናቸውም የቀላው ሸክላ ሲተኩሱ በኖሩበት ጭስ ነው፤ አንድ ቀን ከእሳቱ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግን ማን ሄዶ ቆሞ ያውቃል?

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስም በጓዳ አለ። መሬት የተነፈገ ሰው በጭቃና በብረት ኑሮውን ሲያቀና፣ አፈርን በእሳት ወደ ዕቃ የሚለውጥበት ጥበብ በዘር የሚወረስ ክፉ ኃይል ተደርጎ ተቆጠረበት። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ፋቂውም የዚሁ ስም ተካፋዮች ሆነው ኖረዋል።

በዚህ ጉዳይ ከአዛውንቶቹ ይልቅ የሚያናድዱኝ እኩዮቼ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ጓደኛዬ «እኔ አላምንበትም፤ ግን በልጅ ለምን እሞክራለሁ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። የማያምኑበትን ነገር እየፈጸሙ ሰውን ማሸማቀቅ ከማመን በምን ይሻላል? የጋብቻ ጥያቄ ሲመጣ «ዘሯ ይጠና» ተብሎ የሚፈርሰው እጮኝነትም የሚፈርሰው እንዲህ አናምንም በሚሉ ሰዎች እጅ ነው። ልጅቷ ታጋሽ ትሁን ቁጡ፣ ሐቀኛ ትሁን ውሸታም፣ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ምጣድ ልገዛ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ነበር። ምጣዱን አንኳኩተው ከሰጡኝና በጎመን ዘር እንዴት እንደማሟሸው ከነገሩኝ በኋላ፣ የዚያን ፊቱን እንኳ ያላዩትን ሕፃን ነገር አንሥተው «ጥርስ አወጣ? ማርያም ታሳድገው» አሉኝ።