ሸጥነዋል ብላችሁ አትገላገሉም

የቁም እንስሳ በባሕር ለሚሄድ ገበያ የምትሸጡ ወገኖቼ ሆይ፣ በጉ ወደብ ከደረሰና ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላ ያለው ሁሉ የገዢው ጉዳይ ነው ትላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮርሞ ኤክስፕረስ የተባለ መርከብ ከ57 ሺህ በላይ የአውስትራሊያ በጎች ጭኖ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲደርስ፣ አገሪቱ «በሽታ አለባቸው» ብላ አልቀበልም አለች። ላኪው አገርም መልሶ ለመውሰድ አልቸኮለም። መርከቡ ሁለት ወር ያህል ተንከራትቶ በመጨረሻ ኤርትራ ስትቀበላቸው ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑት አልቀው ነበር። የማን ጉዳይ ነበሩ?

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በሱዳኑ ሱዋኪን ወደብ ላይ ከ15 ሺህ በላይ በጎች የጫነ መርከብ ሰጠመ። ማዕበል አልመታውም፤ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ እንደነበር የወደቡ ሰዎች ራሳቸው ተናገሩ። ሠራተኞቹ ተረፉ፤ በጎቹ ግን ከጥቂቶቹ በቀር አለቁ።

መርከብ ሲሰጥም ዜና ነው፤ ሁላችንም ከንፈር እንመጣለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን «በሰላም ደረሰ» የሚባለው ጉዞ ነው። በግ የሰውነቱን ሙቀት የሚያወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው። በታፈገ ወለል ላይ አየሩ በእርጥበት ሲከብድ ማለክለኩም አያድነውም፤ ቆሞ ይቀቀላል። ከእግሩ ሥር ከተላቆጠው ሽንትና በጠጥ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ ዐይኑንና ሳንባውን ይለበልበዋል። በሣር ያደገው የፋብሪካ መኖ አልለመደምና፣ አንዳንዱ ሞልቶ በተቀመጠ ገንዳ አጠገብ በረሃብ ይሞታል። ሬሳው ወደ ባሕር ይወረወራል፤ በመዝገቡ ላይ የምትቀረው አንዲት ቁጥር ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 አዋሲ ኤክስፕረስ በተባለ መርከብ ላይ 2,400 ያህል በጎች በሙቀት ሞቱ። ዓለም ሥቃያቸውን ያየው አንድ የመርከቡ ሠራተኛ ደፍሮ ስለቀረጸው ነው። አውስትራሊያ በጎችን በባሕር መላክ በ2028 እንዲያበቃ ሕግ ያወጣችው ከዚያ ወዲህ፣ በ2024 ነው። ኒውዚላንድ የከብቱን የባሕር ጉዞ በ2023 አቁማለች።

«አርቢው ምን ይብላ?» እንዳትሉኝ። እንስሳው ካደገበት ብዙ ሳይርቅ ቄራ ገብቶ ሥጋው ቀዝቅዞ ቢላክ አርቢው ገበያ አያጣም፤ ቆዳውም፣ የቄራው ሥራም እዚያው ይቀራል። የቁም እንስሳ ፈላጊ ስላለ ብቻ መጫን ግዴታ ሆኖ አያውቅም።

እስከዚያው ግን ጠይቁ። መርከቡ ለእንስሳት የተሠራ ነው ወይስ ያረጀ የጭነት መርከብ ተለውጦ? ስንት ቀን ይጓዛል? መድረሻው ቢከለክለው ወዴት ይሄዳል? የእንስሳት ሐኪም አብሮ ይሳፈራል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ነጋዴ ዋጋ ቢጨምርላችሁም አትሽጡለት።