የደቻቱ ጎርፍ የሚነሣው ከቤተሰብ ማሳ ነው

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን መታት። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ወገኖቻችን አለቁ። ያ ሁሉ ውኃ ከከተማዋ ሰማይ ብቻ የወረደ አልነበረም፤ ዛፋቸው ከተመነጠረና አፈራቸው ከሳሳ የሐረርጌ ዳገቶች ተንደርድሮ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ መሠራቱም ተገቢ ነበር። ግን ግንብ የሚያገለግለው ወንዙ ከሞላ በኋላ ነው። ዝናቡ መሬት ውስጥ ይስረግ ወይስ አፈር ይዞ ይውረድ የሚለው ጉዳይ የሚወሰነው ላይ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሄክታር እንኳ በማይሞሉ የቤተሰብ ማሳዎች ነው። ስለዚህ የእነዚያ ማሳዎች አያያዝ የድሬዳዋና የሐረርም ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች ወጪውን ሊጋሩ ይገባል እላለሁ።

ሐረር ይህን በውኃ ጥም ተምራዋለች። ለዓመታት ትጠጣበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚሳበው ውኃ፣ የከተማው ፍጆታና ከዙሪያው ማሳ የሚገባው ደለል ተባብረው ጨረሱት። ከተማዋ ከቆላው፣ ከድሬዳዋ በኩል ውኃ ሽቅብ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት በሐይቁ ስፍራ ውኃ ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ በዙሪያው ያለው የመሬት አያያዝ ካልተለወጠ ግን ዳግም ላለመድረቁ ዋስትና የለንም።

ሕጉ ነገሩን አልዘነጋውም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይም ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን፣ ማለትም ዳገቱን በደረጃ የሚደለድል እርከን፣ ከተሠራ ብቻ ነው ይላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው። ሆኖም ያለው መሬት በሙሉ ዳገት የሆነበት ቤተሰብ «እዚህ አትረስ» ሲባል ምን እንደሚበላ የሚያሳየው ዕቅድ አላገኘም። ካርታው ለወረዳና ለተፋሰስ ይነሣል፤ እስከ ማሳው ድንበር ድረስ ግን አይወርድም።

የሚያስቆጨው፣ ለዚህ ዕቅድ የሚሆነው ዕውቀት በአገሩ ሞልቶ መገኘቱ ነው። የሐረር ሰንጋ እንዴት እንደሚቀለብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ገበሬው ማሽላውንና በቆሎውን ሆን ብሎ አጥብቆ ይዘራል፤ ቡቃያው ከፍ ሲል በየጊዜው እየነቀለ ያሳሳውና ደጁ ላይ ለታሰረው በሬ በእጁ ያበላዋል። በሬው ለግጦሽ አይወጣም፣ ዳገቱን አይረግጥም። በጫቱ ረድፍ መካከል የበቀለው ቦሎቄና የስኳር ድንች ሐረግ ይጨመርለታል፤ ሰብሉ ሲሰበሰብ ደግሞ አገዳው ይቀጥላል። ሰንጋው ሲሸጥ የማዳበሪያና የልጆች ልብስ መግዣ ይሆናል፤ ፍጉ ለማሳው ይቀራል። ይህን አጣጥሞ ለሚኖር ገበሬ ስለ ቅይጥ እርሻ ጥቅም ከሀ ጀምሮ ማስተማር አያስፈልግም።

ችግሩ ያለው ትስስሩ በሚላላበት ቦታ ነው። ማገዶ ሲጠፋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። የተረፈው ከቤት አጠገብ ላለው ጫት ይሄዳል፤ ራቅ ያለው የማሽላ ማሳ ዓመት ከዓመት እየተራበ ነው። በበጋ መኖ ስለሚያጥር አገዳው አንድም ሳይቀር ይጋዛል፤ የበልጉ የመጀመሪያ ዶፍ ሲመጣ መሬቱ ራቁቱን ይጠብቀዋል። አፈሩን የምናጣው ያን ጊዜ ነው። የቤተሰብ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ስል ለእነዚህ ክፍተቶች መልስ የሚሰጥ ማለቴ ነው። የእርከኑ ከንፈር ላይ ደሾ ወይም ዝሆን ሣር ቢተከል አፈሩን ይይዛል፤ እየታጨደም ለበሬው መኖ ይሆናል። በማሳው ዳር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ቢቆም ፍጉ ከእሳት ይድናል። ገርቢን የመሰለ ዛፍማ በክረምት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ሰብሉን ብርሃን አይነፍገውም፤ የረገፈው ቅጠልም አፈሩን ያዳብራል። የሐረርጌ አባቶች ከማሽላቸው መካከል ያቆዩት ይህን አውቀው ነው።

ስለ ጫት ሲነሣ ክርክሩ ቶሎ ወደ ውግዘት ይዞራል። እኔ ነቅላችሁ ጣሉ ከሚሉት ጋር አይደለሁም፤ ብዙ ቤት የቆመው በእሱ ገንዘብ ነው፣ በተዳፋት አግድም በረድፍ ሲተከልም አፈር ይይዛል። ማሳውን ሙሉ በሙሉ ለጫት የለቀቀ ቤተሰብ ግን ያሳስበኛል። መንገድ በተዘጋ ወይም የአወዳይ የጫት ገበያ በቀዘቀዘ ቀን በጥቂት ቀናት የሚጠወልግ ቅጠል ታቅፎ እህል ፍለጋ ይወጣል፤ በሬ የሚቀልብበት አገዳም የለውም። አጎራባች ማሳዎችን አያይዞ አንድ ሰብል በሚዘራው በኩታ ገጠም እርሻ ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ ይነሣል። ለስንዴ ሜዳ መልካም ነው። በአንድ ዳገት ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሃያ ቤተሰቦችን አንድ ሰብል ብቻ እንዲዘሩ መገፋፋት ግን ለድርቅም ለተባይም አጋልጦ መስጠት ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ የድሬዳዋ አስተዳደር በጀት በወሰኑ ላይ ያበቃል፤ ጎርፉ ግን ወሰኑን ከማዶ ተሻግሮ ይመጣል። የአስተዳደሩ፣ የሐረሪና የኦሮሚያ ክልል ኃላፊዎች ተቀምጠው ከከተማ የውኃ ክፍያ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለላይኛው ተፋሰስ እንዲመደብ ሊስማሙ ይችላሉ። ገንዘቡ ለሚተከል ሣር፣ ለችግኝና ለእርከን ጉልበት ይዋል፤ እርከኑ ስፍራ ሲይዝበት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ የሚቀንስበትን ቤተሰብም ይደግፍ። የግብርና ልማት ሠራተኞችም በተቆፈረ እርከን ርዝመትና በተተከለ ችግኝ ቁጥር ብቻ መመዘናቸው ይቅር። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብረዋቸው ወጥተው ከደቻቱ በላይ ባለ አንድ ንዑስ ተፋሰስ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ማሳ ይንደፉ። ሲነድፉም ከባልየው ጋር ብቻ አይነጋገሩ፤ ሣሩን አጭዳ የምትሸከመው፣ ፍጉን ለማሳ ወይም ለምድጃ የምትመድበው ሚስቲቱ ናት፤ ስሟም በይዞታ ደብተሩ ላይ አብሮ ሰፍሯል።