ሐረር ድረስ ወስዳችሁ ከሙዚየሙ ለምን ታባርሩናላችሁ?

ኧረ የጉዞ አዘጋጆች፣ በፈጠራችሁ! ሙዚየም እናስጎበኛለን ብላችሁ ገንዘብ ተቀብላችሁ በሩ ላይ "20 ደቂቃ ነው ያላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ!" የምትሉን በምን ሒሳብ ነው?

ከድሬ ተነስተን፣ ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረማያን አለፍን። አወዳይ ላይ ለጫት ስንቆም ሰዓት ያየ የለም። ምሳ ላይም እንደዚያው። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል ስንገባ ግን ጊዜ አለቀ ተባለ! ሙዚየሙ ያለበት የራስ ተፈሪ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ቀስ ብላ ወጥታ ገና ከመግባቷ አስተባባሪው ማጨብጨብ ጀመረ። "ውጡ፣ መኪና እየጠበቀ ነው!"

ምን እንዳስቀራችሁባት ታውቃላችሁ? ቤቱን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የእንጨት ሥራው ብቻ ቆሞ የሚታይ ነው። ደጃዝማች ተፈሪና ወይዘሮ መነን የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ነው ይባላል። ውስጡን የሞላው ደግሞ አብደላ ሸሪፍ የተባሉ የሐረር ሰው ለብዙ ዓመታት ሲሰበስቡት የኖሩት ቅርስ ነው፦ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ የሴቶች ጌጣጌጥ፣ ጎራዴ፣ ስፌት፣ የድሮ የሙዚቃ ቅጂ ሳይቀር። ያረጀ መጽሐፍ ጠግኖ መጠረዝንም ተምረዋል እኮ! ይህ ሁሉ በሩጫ ይታያል?

አብሮን የነበረ አንድ ተማሪ ትንሽ ሳንቲም አይቶ "ይቺ የየት አገር ናት?" አለ። የሐረር ናት! አሚሮቹ እዚሁ የራሳቸውን ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ግብፆች ከያዟት 10 ዓመት ገደማ በቀር፣ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው እስኪገቡ ድረስ ሐረር የራሷ አሚር ነበራት። ልጁ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ይህን ግን አያውቅም። ልነግረው ስጀምር እጁን ይዘው አወጡት። ይኼ ነው በጣም ያናደደኝ።

ደግሞ ለምን እንደተጣደፍን ልንገራችሁ፦ ለጅብ ትርዒት! ጅቡን እኔም እወደዋለሁ። ግን ጅብ የሚመጣው ሲመሽ ነው፤ ሙዚየም ደግሞ ሲመሽ ይዘጋል። ከጀጎል አጣድፋችሁ አውጥታችሁን ፋላና በር አካባቢ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዝም ብለን ተቀመጥን። ያን ጊዜ እናቴ እዚያ ቤት ውስጥ ብታሳልፈው ምን ይጎድልባችሁ ነበር?

ከእንግዲህ ማስታወቂያ ስታወጡ "ምሳና ጅብ ያካትታል" ብቻ አትበሉን። ለሙዚየሙ ስንት ሰዓት እንደመደባችሁ ጻፉ፣ አረጋውያን ካሉም በነሱ እርምጃ አስቡት። እሱን አይተን እንከፍላለን።