ምስጋና ለኮመዲኖው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ሐኪም ያልሆነ ጎረቤት ገጥሞኝ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ቡና ተጠርቼ ሁለት ጊዜ ባስነጥስ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ወደ መኝታ ቤት ገብተው ከኮመዲኖው መሳቢያ ከክረምት የተረፈ አሞክሳሲሊን ይዘው ተመለሱና ከቀሩት አራት ፍሬዎች ሁለቱን ፈልቅቀው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ይቺን ዋጥ አድርግና ተኛ ልጄ፤ ጠዋት ምንም አይልህ» አሉኝ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ መሆኑን፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካ ማንሳት ለእንዲህ ያለ ቸርነት የሚገባ ምላሽ ስላልመሰለኝ አመስግኜ ዋጥኩ።

የቸርነቱ ስፋት የሚገባን እነዚያ ሁለት ፍሬዎች ከአንጀታችን የሚጠርጉት የባክቴሪያ ንብረት እንዴት እንደተጠራቀመ ስናስብ ነው። ሕፃን በምጥ ሲወለድ የመጀመሪያዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች በአመዛኙ ከእናቱ ይቀበላል፤ በቀዶ ሕክምና የተወለደ ደግሞ ከሰው ቆዳና ከአካባቢው ይለቃቅማል። ከዚያ ጡት ይከተላል። በእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት ያለ ሲሆን፣ ተመጋቢዎቹ በአንጀቱ የሰፈሩት ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉት ናቸው፤ እናት ለልጇ ብቻ ሳይሆን ለልጇ እንግዶችም ትደግሳለች ማለት ነው። ሲድህ የሚልሰው አፈር፣ ከአክስት እጅ የሚጎርሰው ፍትፍት፣ የወንድምና የእህት ልፊያ ሁሉ እየታከለበት፣ በሦስት ዓመቱ ገደማ የአንጀቱ ነዋሪ የአዋቂ ሰው መልክ ይይዛል። በአንድ ጎልማሳ ገላ ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንደሚኖር ይገመታል፤ አብዛኛውም ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለሦስት ዓመት የተለቀመ ሀብት በአንድ ስኒ ቡና ላይ ማስበርገግ ቀላል ችሎታ አይደለም። ሕጉ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም ይላል፤ የመንገዳችን ዳር መድኃኒት ቤት ግን ማዘዣ በመጠየቅ ደንበኛን ማሳፈር ነውር መሆኑን ያውቃል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ባደረገው የኖቤል ንግግር፣ መድኃኒቱ እንደ ልብ የሚገዛበት ዘመን ቢመጣ ሰው ከመጠን አሳንሶ እየዋጠ ተህዋስያኑን ከመድኃኒቱ ጋር እንዳያለማምዳቸው ስጋቱን ገልጾ ነበር። ምስኪን፣ መድኃኒቱን መግዛት ሳያስፈልግ ጎረቤት በነፃ የሚያድልበት ሰፈር እንደሚመጣ አልታየውም። ሁለት ፍሬ መድኃኒት ባክቴሪያን አይጨርስም፤ ደካማውን አሰናብቶ ጠንካራውን ያስቀራል፣ የቀረውም ይባዛል።

በሦስተኛው ቀን ማስነጠሴ እንዳለ ሆኖ ሆዴ ተለቀቀ። እትዬ ይህንንም ሰምተው አልጨከኑብኝም፤ ከዚያው መሳቢያ፣ ከቁልፍና ከሻማ መሐል፣ ሜትሮኒዳዞል ከተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ሦስት ፍሬ አወጡልኝ። ውኃውን አቀብለውኝ መዋጤን ቆመው እያዩ ሳለ፣ በማድ ቤት የቡሐቃ መታጠብ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ክው ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ! እርሾውን እንዳትደፊው! የእናቴ ቤት እርሾ እኮ ነው!»